ያለጊዜው የተወለደን ሕፃን በሆስፒታል መንከባከብና ወደ ቤት ማምጣት

37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ያለጊዜው የተወለደ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት በዚህ ሁኔታ ተወልደዋል፤ ከአሥር ሕፃናት አንዱ ገደማ ማለት ነው። ሆኖም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። በ35ኛው ሳምንት 2,300 ግራም መዝኖ የተወለደ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ከሙቀት፣ ከወተትና ከጥቂት ቀናት ክትትል በላይ አያስፈልገውም፤ በ29ኛው ሳምንት 1,200 ግራም ሆኖ የተወለደው ግን ሳምባው፣ አንጀቱና የዓይኑ የደም ሥሮች ገና አድገው ስላልጨረሱ ለሳምንታት ሆስፒታል ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «የእገሊት ልጅ በሳምንቱ ወጥቶ የለም ወይ» የሚለው ንጽጽር ለማንም አይበጅም። ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው ሁለት ነገር ይወቁ፦ ሕፃኑ በስንተኛው ሳምንት እንደተወለደና ስንት ግራም እንደነበረ። ወደፊት የሚያየው ሐኪም ሁሉ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ስለሚጠይቅ ደብተር ላይ ማስፈር ይገባል።

የሆስፒታሉ ቆይታ ሕፃኑ እስኪጠነክር በር ላይ ተቀምጦ የሚጠበቅበት ጊዜ ተደርጎ መታየት የለበትም። በእኔ እምነት የቆይታው ትልቁ ጥቅም ወላጆች ነርሷ የምትሠራውን በእጃቸው እየሠሩ የሚለምዱበት ጊዜ መሆኑ ነው፤ ቤት ከገባ በኋላ የሚመጣው ጭንቀት የሚያንሰው ማሞቁን፣ ማብላቱንና መከታተሉን ከመውጣታቸው በፊት ሲችሉት ነው።

በጽኑ ክትትል ክፍል ውስጥ

የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ክትትል ክፍል መጀመሪያ ሲገቡበት ያስደነግጣል። በዚያች ትንሽ ገላ ላይ የተለጠፈው ሁሉ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ግን ድንጋጤውን በእጅጉ ይቀንሳል። በአፍንጫ በኩል የገባው አጭር ቱቦ ሲፓፕ ከሆነ አየር በግፊት እየሰጠ የሳምባው ከረጢቶች እንዳይጣበቁ ይረዳል። ቀጭኑ ቱቦ ደግሞ ወተት በቀጥታ ወደ ጨጓራ የሚያደርስ ነው፤ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አቀናጅቶ መሥራት ሕፃኑ የሚጀምረው ከ32ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ገደማ ስለሆነ እስከዚያው ድረስ ቱቦው ያስፈልገዋል። በእግሩ ወይም በእጁ ላይ የታሰረው ቀይ መብራት በደሙ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ይለካል፤ ሰማያዊው ብርሃን ደግሞ የቆዳን ቢጫነት ለማከም ነው። አንዳንዱ ሕፃን መተንፈስ እንዳይዘነጋ ካፌይን ይታዘዝለታል። ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ቡና ይሰጠው ወይ» የሚሉ ዘመዶች አይጠፉም፤ ካፌይኑ ተለክቶ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ ቡና ለሕፃን በምንም መልኩ አይሰጥም።

ማሽኑ ሲጮህ የሁሉም ሰው ዓይን ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ግን የላላው መለኪያው ነው። ነርሶቹ አስቀድመው የሚያዩት የሕፃኑን ከንፈር ቀለምና የደረቱን እንቅስቃሴ ነው፤ ወላጆችም ይህንኑ ልማድ ቢወስዱ ማሽን በሌለበት ቤታቸው ይጠቅማቸዋል። ኦክስጅንን በተመለከተም «ይጨመርለት» ብሎ መወትወት አይገባም። ከልክ ያለፈ ኦክስጅን ገና ያልዳበረውን የዓይን የደም ሥር ስለሚጎዳ መጠኑ እየታየ የሚስተካከል ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ መቀነሱም የሚጠበቅ ነው፤ አብዛኞቹ የተወለዱበትን ክብደት የሚመልሱት በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያም በኋላ መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም። ትናንት ከኦክስጅን የወጣው ዛሬ ተመልሶ ሊገባ፣ ወተት የጀመረው ሆዱ ተነፍቶ ለአንድ ቀን ሊከለከል ይችላል። ሐኪሞች በሚዞሩበት ሰዓት ሦስት ጥያቄ መያዝ በቂ ነው፦ ከትናንት ዛሬ ምን ተለወጠ? እስከ ነገ ምን ትጠብቃላችሁ? እኛ ምን እንሥራ? መልሱ ካልገባ ደግሞ ማስደገም ነውር የለበትም።

ወደ ክፍሉ በተገባ ቁጥር ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር ወልቆ እጅ እስከ ክርን በሳሙና ይታጠባል። ስልክ ከተነካ እጅ እንደገና መታጠብ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው።

እናቲቱም አራስ መሆኗ መረሳት የለበትም። ቀዶ ሕክምና የተደረገላትም ብትሆን በየሦስት ሰዓቱ ደረጃ እየወጣችና እየወረደች ወተት ስታደርስ ገንፎውና አጥሚቱ የሚደርሳት ከሌለ ቶሎ ትደክማለች። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ለጠያቂ ዘመዶች ሁሉ ስለ ሕፃኑ የሚናገር ሆኖ ቢመደብ እናት «እንዴት አደረ» ለሚለው ስልክ ቀኑን ሙሉ ከመመለስ ትድናለች። ሥራ ላይ ያለች እናት ደግሞ መብቷን ትወቅ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የቅድመ ወሊድ ፈቃድ 30 ቀን፣ የድህረ ወሊድ ፈቃድ 90 ቀን ሲሆን፣ ሠራተኛዋ የቅድመ ወሊድ ፈቃዷ ሳያልቅ ከወለደች የድህረ ወሊዱ ፈቃድ ከወሊዱ ቀጥሎ ይጀምራል። ለአባት የተሰጠው ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ሕፃኑ ሆስፒታል የሚቆይ ከሆነ አባት የዓመት ፈቃዱን ለመውጫው ሰሞን ቢያስቀምጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ወተቱን ማስጀመርና እንዳይቋረጥ ማድረግ

ሕፃኑ መጥባት ባይችልም ወተቱ መታለብ ያለበት ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ነው። እንገሩ ጥቂት ጠብታ ቢሆንም አይደፋም፤ ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን አንጀት ከእርሱ የሚሻል መከላከያ የለም። ከዚያ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ስምንት ጊዜ ያህል፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ማለብ ያስፈልጋል። ጡት ወተት የሚያመርተው ባዶ በተደረገ ቁጥር ነውና «ትንሽ ስለሆነ እስኪሞላ ልጠብቅ» ማለት ወተቱን ያደርቀዋል።

በእጅ ሲታለብ አውራ ጣት ከጡቱ ጫፍ በላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከበታች፣ ከጫፉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ቀጥሎ ጣቶቹን እርስ በርስ ጫን፣ ከዚያ ለቀቅ ይደረጋል። ጣት በቆዳው ላይ መንሸራተት የለበትም፤ ጫፉን መጎተትም ያቆስላል እንጂ ወተት አያመጣም። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምንም ላይወጣ ይችላል። ሕፃኑን እያዩ ወይም ደረት ላይ ካቀፉት በኋላ ማለብ ወተቱ ቶሎ እንዲወርድ ያደርጋል።

ከቱቦ ወደ ጡት በሚሸጋገርበት ጊዜ በብዙ ሆስፒታሎች በኩባያ መመገብ ይለመዳል። ሕፃኑ ቀና ብሎ ጭን ላይ ይያዛል፤ የትንሿ ኩባያ ጠርዝ የታችኛውን ከንፈር ነክቶ ወተቱ ከንፈሩ ላይ እስኪደርስ ብቻ ይዘነበላል፤ ከዚያ ሕፃኑ ራሱ በምላሱ እየላሰ ይወስዳል። አፉ ውስጥ ማፍሰስ ወደ ሳምባው ሊያስገባው ስለሚችል አደገኛ ነው። ጡጦ ለማጽዳት እጅግ ስለሚያስቸግር ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር ቢቀር ይመረጣል። የታለበ ወተት ለቤት አገልግሎት በክፍል ሙቀት እስከ አራት ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ሆስፒታል ለተኛ ሕፃን ግን ክፍሉ ከዚህ ያጠረ ጊዜ ሊወስን ስለሚችል የእነርሱ መመሪያ ይከበር። የቀዘቀዘውን ወተት ማፍላት አይገባም፤ ዕቃውን ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል።

ገላ ለገላ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንዲያዝልኝ ብጠየቅ የካንጋሮ እንክብካቤን እመርጣለሁ። ዘዴው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ነው፤ ማሞቂያ ሣጥን ያነሳቸውና ከአንድ በላይ ሕፃን በአንድ ሣጥን ለማስተኛት የተገደዱ ሐኪሞች ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ማሰር ጀመሩ። ለረጅም ጊዜ የድሆች አገር መፍትሔ ተደርጎ ቢታይም ማስረጃው እያደር ተጠናክሯል። በአዲስ አበባ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ሁኔታቸው ገና ሳይረጋጋ ገላ ለገላ የታቀፉት ትንንሽ ሕፃናት በተለመደው መንገድ ከታከሙት ይልቅ በብዛት በሕይወት መትረፋቸውን አሳይቷል። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ትልቅ ጥናት ደግሞ ወዲያው እንደተወለዱ መጀመሩ በመጀመሪያው ወር የሚደርሰውን ሞት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ምክሩን ለውጦ ከወሊድ ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲታቀፉ አዘዘ። ራሱ መተንፈስ የማይችል ወይም በጽኑ የታመመ ሕፃን ብቻ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይጠብቃል።

አስተቃቀፉ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ በእናቱ ሁለት ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ አገጩ ቀና ይላል፤ አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ የአየር ቧንቧው ይታጠፋል። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው ይታጠፋሉ፣ እጆቹም እንዲሁ። ከዚያ ሰፊ ጨርቅ ወይም የተደረበ ነጠላ ከጀርባው ዞሮ ይታሰራል፤ የጨርቁ የላይኛው ጫፍ ከጆሮው ሥር ይደርሳል፣ ሆዱ ላይ ያለው ክፍል ግን ለመተንፈስ የሚበቃ ላላ ያለ ይሁን። በላዩ ላይ ጋቢ ወይም ሹራብ ይደረባል። እናት ስትተኛ በትራስ ተደግፋ ቀና ትላለች እንጂ ጠፍጣፋ አትተኛም። ደረት ላይ መሆኑ ወሳኝ ስለሆነ አንቀልባ ለዚህ አይሆንም። በጀርባ የታዘለ ሕፃን ፊቱ አይታይም፣ አተነፋፈሱም አይታወቅም። አባት፣ አያት ወይም አክስት ተራ ሊገቡ ይችላሉ፤ አባቶች መጀመሪያ ላይ ሸሚዝ ማውለቁን ያፍሩታል፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ልጁን ለማስረከብ የሚያስቸግሩት እነርሱ ናቸው።

ከመውጣቱ በፊት

ሕፃኑ የሚወጣው የተወሰነ ቀን ስለሞላ አይደለም። ያለ ማሞቂያ ሙቀቱን ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መጠበቅ፣ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ፣ ትንፋሽ ማቆሙ ለቀናት አለመታየቱ፣ በጡት ወይም በኩባያ መመገብና ክብደቱ በተከታታይ መጨመሩ ይታያል። ስንት ግራም ሲሞላ እንደሚለቅ እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱ ልማድ አለው። ወጪው ወይም የቤት ናፍቆት አስጨንቆ በራስ ፈርሞ መውጣት የሚያስከትለው ጉዳት ግን ብዙ ነው፤ ችግሩ ገንዘብ ከሆነ ከመፈረም በፊት የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ማነጋገር ይቀድማል።

ቢቻል ከመውጣቱ በፊት አንድ ወይም ሁለት ሌሊት እናት ከሕፃኑ ጋር በካንጋሮ ክፍል አድራ ማብላቱንም፣ ማሞቁንም፣ መድኃኒቱን መስጠቱንም ብቻዋን ትሞክረው፤ ነርሷ ቅርብ ሆና የሚያጋጥም ስሕተት ቤት ከሚያጋጥመው ይቀላል። መድኃኒት ካለ ሚሊ ሊትሩን በስሪንጅ ቀድታ ታሳይ፤ «አንድ ማንኪያ» የሚለው መለኪያ ለዚህ ሕፃን አይሠራም። የመውጫ ወረቀቱ ላይ የተወለደበት ሳምንት፣ የመውጫ ክብደቱ፣ የወሰዳቸው ሕክምናዎችና የቀጠሮው ቀን መጻፋቸውን ማየት ያስፈልጋል።

ጉዞው በእናቱ ደረት ላይ ታስሮና ተሸፍኖ ቢሆን ብርድ አያገኘውም። በአሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች በበኩላቸው የመኪና የሕፃን ወንበር ቀድመው ማዘጋጀት አለባቸው፤ እዚያ ያሉ ብዙ ሆስፒታሎች ከመልቀቃቸው በፊት ሕፃኑ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ አተነፋፈሱ እንደማይረበሽ ይፈትሻሉ።

ቤት ከገባ በኋላ

የአራሷ ክፍል ሞቃት፣ ነፋስ የማይገባበት ነገር ግን ጭስ የሌለበት መሆን አለበት። ክፍሉን ለማሞቅ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ማንደድ እናትንም ልጅንም የሚገድል ነው። እጣኑና የቡናው ጭስም ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ የሚሻለው ማሞቂያ አሁንም የወላጅ ደረት ነው። ሕፃኑ መሞቁን ለማወቅ ሆዱንና እግሩን መዳሰስ ነው፤ ሁለቱም ሞቃት ከሆኑ ደህና ነው፣ ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ ብርድ እየጀመረው ስለሆነ ወዲያው ደረት ላይ ይደረግ፣ ሁለቱም ከቀዘቀዙ ግን ደረት ላይ አስሮ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። በየቀኑ ገላ ማጠብ አስፈላጊ አይደለም፤ ፊቱን፣ አንገቱንና የዳይፐር ቦታውን ለብ ባለ ውኃ መጥረግ ይበቃል።

በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ይመገባል፤ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ረሃቡን በለቅሶ ላያሳውቅ ስለሚችል ተኝቶም ቢሆን ይቀሰቀሳል። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሽንት ካረጠበ ወተቱ እየበቃው ነው። ከደረት ወርዶ ሲተኛ ሁልጊዜ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ፊቱን ሊሸፍን የሚችል ትራስና ብርድ ልብስ በሌለበት ይሁን። በእንቅልፍ ላይ ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ትንፋሹን ያዝ አድርጎ መቀጠሉ በእነዚህ ሕፃናት የተለመደ ነው፤ 20 ሰከንድ ከሞላ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን የተለመደ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የሰው ጉዳይ ነው። ለአራስ ጥየቃ መጥቶ ልጁን ሳያቅፍና ሳይስም የሄደ ዘመድ ቅር እንደሚለው ይታወቃል፤ ይሁን እንጂ ለአዋቂ ጉንፋን የሆነው ቫይረስ ለዚህ ሕፃን የሳምባ ምች ሆኖ እንደገና ሆስፒታል ሊያስተኛው ይችላል። «ሐኪሙ ለተወሰነ ጊዜ ከልክሎናል» የሚለው አነጋገር ማንንም ሳያስከፋ ይሠራል፤ ቃሉ ከአባት ወይም ከአያት ቢወጣ ደግሞ እናቲቱ ከሐሜት ትድናለች። ቅቤ ማስዋጥ፣ ስኳር በውኃ፣ የአብሽ ውኃና ጤና አዳም መስጠት፣ ዓይን መኳልና እንጥል ማስቆረጥ የሚመክሩ ሲመጡም መልሱ አጭር ይሁን፦ ከእናት ጡት ወተትና ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር እስከ ስድስት ወር ምንም አይገባም። ወንድ ልጅን በስምንተኛው ቀን ማስገረዝ የተለመደ ቢሆንም ለዚህ ሕፃን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይዘገያል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰቦች የ40 ወይም የ80 ቀን ክርስትና ሲደርስ የሕፃኑን ሁኔታ ለንስሐ አባታቸው አስቀድመው ይንገሩ፤ ውኃው ለብ እንዲል፣ ወዲያው ደርቆ ደረት ላይ እንዲታቀፍ ማዘጋጀት ይቻላል።

ወዲያው ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች

በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ መተንፈስ (ተረጋግቶ ሳለ ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሮ)፣ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ መግባት ወይም ማቃሰት፣ የከንፈር መጥቆር፣ ሙቀቱ ከ37.5 በላይ መሆን ወይም ታቅፎም ከ35.5 በታች መውረድ፣ መጥባት ማቆም ወይም ከወትሮው ግማሹን እንኳ አለመውሰድ፣ መዝለፍለፍ፣ መንቀጥቀጥ፣ የእጅና የእግር መዳፍ ድረስ ቢጫ መሆን፣ የእትብቱ ዙሪያ መቅላት ወይም መግል፣ አረንጓዴ ማስመለስና የሆድ መነፋት እስኪነጋ የሚጠበቁ አይደሉም። ትንፋሹን ካቆመ ጀርባውን ወይም የእግሩን መዳፍ በጣት ማሸት ብዙ ጊዜ ያስነሳዋል፤ ከተነሣ በኋላም ቢሆን ሕክምና መሄድ ግድ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በመንገድ ላይ ገላ ለገላ ታቅፎ፣ መጥባት ከቻለ እየጠባ፣ የመውጫ ወረቀቱም ተይዞ ይኬዳል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ተመልሶ መተኛት በእነዚህ ሕፃናት ዘንድ የተለመደ ነው፤ «ያሳመምሽው አንቺ ነሽ» የሚል ዘመድ ቢኖር ዝም ሊያሰኙት ይገባል። እናቲቱም ከሁለት ሳምንት በላይ የማይለቅ ኀዘን፣ ልጁ ሲተኛ እንኳ አለመተኛት ወይም ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ካጋጠማት ይህም ሕክምና ያለው ሕመም ነውና በሕፃኑ ቀጠሮ ላይ ለሐኪሙ ትንገር።

ቀጣይ ክትትል

ክትባቱ የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ነው፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡት «ገና ትንሽ ነው» ተብለው አይዘገዩም። ክብደቱ በጣም አነስተኛ ከሆነ የሳምባ ነቀርሳ ክትባቱ እስኪያድግ ሊቆይ ስለሚችል መቼ እንደሚወስድ በመውጫው ቀን ይጠየቅ። ብረትና ቫይታሚን ዲ የሚታዘዙለት በእናቱ ማኅፀን ውስጥ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሊያጠራቅም የሚገባውን ስላላገኘ ነው። ከ1,500 ግራም በታች ሆነው ወይም ከ30ኛው ሳምንት በፊት ለተወለዱት የዓይን ምርመራ ከተወለዱ በአራት ሳምንት ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህን ምርመራ የሚሠራ ሐኪም በየሆስፒታሉ ስለማይገኝ ቀጠሮውና ሪፈሩ ከመውጣቱ በፊት ካልተያዘ ጊዜው ያልፋል። የመስማት ምርመራም በሚገኝበት ቦታ ይደረግለት።

እድገቱ ግን ሲለካ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ በተስተካከለ ዕድሜ ነው። በ32ኛው ሳምንት የተወለደ ሕፃን ስምንት ሳምንት ስለቀደመ፣ ከተወለደ ስድስት ወር ሲሞላው የሚጠበቅበት የአራት ወር ሕፃን ሥራ ነው፤ አለመቀመጡም አያስደነግጥም። በተስተካከለው ዕድሜም ቢሆን አንገቱ ካልጸና፣ በአንድ ወገን እጁ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ወይም ለድምፅና ለፊት ምላሽ ካልሰጠ ቀጣዩ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ይታይ።